በዲላ መጻሕፍት እንዴት ይነበባሉ?

አንባቢ ሆይ! ከአዲስ አበባ ተነሥተህ፣ ሐዋሳን አልፈህ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዝ ዲላ ትደርሳለህ። ስለዚህች ከተማ የሚያወራ ሁሉ በቡና ጀምሮ በቡና ይጨርሳል። ጆንያ የጫኑት የጭነት መኪናዎች፣ በየአልጋው ላይ የተሰጣው ቡና፣ በባሕር ማዶ ሳይቀር ስሙ የተጠራው የይርጋ ጨፌ ጣዕም፣ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ተጽፎልሃል። እኔ ግን ዛሬ ላጫውትህ ያሰብሁት ስለ መጽሐፍ ነው። ቡናው በመካከል መግባቱ ባይቀርም ታገሠኝ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን የያዝሁ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ወደ ዲላ ስመደብ ከልብሴ ይልቅ የከበደኝ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነበር። ከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ያላት ናት። በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተጀምሮ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃ ነው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የእኔ ተማሪዎች የሚያገኙት የመማሪያ መጽሐፍና በመናኸሪያው አጠገብ አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው የሚያቀርቡትን ነው፤ ይህንንም ቢሆን ገንዘብ ያለው።

ስለዚህ ካርቶኔን ወደ ክፍል አመጣሁት። ከመጻሕፍቱም ጋር አንድ ባለ መስመር ደብተር አኖርሁና ሕግ አወጣሁ። መጽሐፍ የተዋሰ ሁሉ ሲመልስ አስተያየቱን በደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ «ጥሩ ነው» ብሎ መፈረም ግን አይቻልም፤ ምኑ ጥሩ እንደ ሆነ፣ ምኑም እንዳልጣመው መናገር አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ደብተር ጥቂቱን ላካፍልህ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የተዋሰ አንድ ልጅ በሁለት ሌሊት ጨርሶ፣ «ከመጽሐፉ ውስጥ ካለው ጦርነት ይልቅ የደራሲው መጨረሻ አስፈራኝ» ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ እንደ ታገደ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ ወጥቶ እንደ ቀረ ነግሬው ነበርና። ነቢይ መኰንን በእስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጐመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያነበበች ልጅ ደግሞ፣ «ይህን ሁሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ የጻፈ ሰው ካለ፣ እኔ ደብተር አልቆብኝ ነው ብዬ የቤት ሥራ አለመሥራቴ ያሳፍራል» አለች። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» የወሰደው፣ «ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውሁት። በአራተኛው ጨረስሁት። ገና አልገባኝም፤ ለጓደኞቼ ግን ገብቶኛል ብያለሁ» ሲል እውነቱን ተናዘዘ። ሌላው የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ማታ ማታ ለታናሽ እኅቱ በጌዴኦኛ እየመለሰ አጫውቷት ኖሮ፣ «ቤት የሚመታው ነገር ከመንገድ ላይ ጠፋ፤ እንስሳቱ ግን በሙሉ ደረሱ» ብሎ ጻፈ። ስለ ትርጉም ሥራ ከዚህ የተሻለ ቃል በኮሌጅ ሳለሁም የሰማሁ አይመስለኝም።

ነገሩ ሁሉ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ አንድ ቀን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተጻፈውን አነበብሁ። ይህ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ ያላስለቀሰው ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ደግሞ የአገሬ የጎጃም መጽሐፍ ነው። በቤታችን ጮክ ተብሎ ሲነበብ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ስትጠርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ተማሪዬ ግን እንዲህ ብላ ነበር፦

«ለሰብለ ወንጌል አዝኛለሁ እንጂ አላለቀስሁም። እስከ መጨረሻ ያነበብሁት ለአበጀ በለው ስል ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ነገር አያቴ ያውቀዋል። መምህራችን ይህን የጎጃም ታሪክ ነው ይሉናል፤ የእኛም ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ስሕተቴን አልሸሽግህም። ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ ከሥሩ፣ «የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ፍቅር ነው፤ እንደገና አንብቢ» ብዬ ጻፍሁ። ልጅቱ በማግሥቱ ደብተሩን ተመልክታ አንድም ቃል ሳትናገር ተቀመጠች። ትምህርት ሲያበቃ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ቀረብ ብላ፣ «መምህር፣ እኔን ባያምኑኝ አያቴን ይጠይቁ» አለችኝ።

ወሩ ኅዳር ነበር። በጌዴኦ ምድር ኅዳር ማለት ቀዩ ቡና የሚለቀምበት፣ በየክፍሉም ባዶ ወንበር የሚበዛበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወናጎ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ፣ የዚያው አገር ተወላጅ ጓደኛዬም አብሮኝ ነበር።

ከዲላ ወጣ ስትል ዐይንህ ያታልልሃል። ኮረብታው ሁሉ ጫካ ለብሷልና ሰው የማይኖርበት ይመስልሃል። ቀረብ ብለህ ስታየው ግን ጫካው የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ረጃጅሙ ዛፍ ጥላውን ይሰጣል፤ በመካከል እንሰትና ቡና ቆመዋል፤ ከሥር ጎመኑና ሌላው ተክል አለ፤ በቅጠሉም መካከል ጢስ የሚወጣበት ቤት ታያለህ። ገደል በሚመስለው ቁልቁለት ላይ እንኳ አፈሩ አልተናደም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ይህ ጥበብና ጥንታውያኑ የድንጋይ ሐውልቶች አንድ ላይ ተቈጥረው ነው።

ጓደኛዬ ከቦርሳው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣ። ታደሰ ኪጴ ካንሼ የተባሉት ምሁር ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ነው። አርእስቱም በግርድፉ ሲመለስ አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀ አያያዝ ይሆን? ብሎ ይጠይቃል። «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ሳቀና፣ «ይህ መጽሐፍ እናቴን ፕሮፌሰር አደረጋት» አለኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስትሠራው የማየውን ነገር ሰንጠረዥ አውጥቶለታል። የሚያሳዝነኝ፣ እርሷ አንብባ ይህ ልክ ነው፣ ያ ልክ አይደለም ለማለት አለመቻሏ ነው።»

ከወናጎ ወርደን ጥቂት በእግራችን ሄድን። ተማሪዬ በመንገዱ ራስ ላይ ጠበቀችን። አያቷ ሰማንያ ዓመት ያህል የሆናቸው፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ቆጮና ጎመን ቀረበልን፤ ቡናም ተፈላ። ሽማግሌው አማርኛ ይሰማሉ፤ ነገር ሲጠብቅ ግን በጌዴኦኛ መናገር ይሻላቸዋልና ልጅቱ በመካከል ሆና ታስተረጕም ጀመር።

እኔ መጽሐፉን ገልጬ፣ ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን እንቢ ያሉበትን፣ ፊታውራሪ መሸሻም ሊዘምቱባቸው የተነሡበትን ክፍል አነበብሁላቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲፈጸም የጠየቁት ጥያቄ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነበር።

«ይህ ፊታውራሪ ስንተኛውን ነው የሚወስደው? እርቦ ነው ወይስ ሢሶ?»

ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! በዛብህ ምን እንዳሰበ፣ ጉዱ ካሣ ምን እንደ ተናገረ ልነግርህ እችላለሁ። ስንተኛው እጅ ለማን እንደሚሄድ ግን አስቤው አላውቅም። እየተንተባተብሁ፣ በጎጃም ገበሬው በርስቱ ላይ የሚኖር እንደ ነበረ፣ ለጌታው የሚሰጠው ግብርና መተያያ እንጂ እንደ ጭሰኛ የምርት ድርሻ እንዳልነበረ አስረዳሁ።

ሽማግሌው ዐይናቸውን ገለጡ። «መሬቱ የራሱ ነው?» አሉ። «የራሱ መሬት እያለው ነው እንዲህ የተጨነቀ? እንግዲያው የእኛ ከዚህ ይከፋል ልጄ!»

ከዚያም ያዩትን ነገሩን። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኞች ባለ መሬቶቹ ከቡናቸው በሚወስዱት ድርሻ ተማርረው ተነሡ፤ ሚችሌ በተባለው ስፍራም ጦር የያዙት ገበሬዎች ጠመንጃ ከያዙት ጋር ተዋጉ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። እርሳቸው ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። መሬቱ ለአራሹ የሆነው ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በሁለቱ መካከል መሆኑን ያን ቀን ነው ያሰብሁት።

«ስለ መጽሐፉስ ምን ይላሉ አባባ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የጻፈው ሰው ገበሬ ያውቃል» አሉ ጥቂት ዝም ብለው። «ጌቶችንም ያውቃል። ነገር ግን አሁን ባነበብህልኝ ውስጥ የገበሬው ሚስት የት ገባች? እኛ በተነሣን ጊዜ ወንዶቹን ያበላች እናቴ ናት። ሴት ያላበላችው ሸፍጥም ሆነ ጦርነት አላውቅም።»

ልጅቱ ይህን እያስተረጐመች ሳለ ወደ እኔ አየች። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። እውነቱን ለመናገር እርሷም በሙሉ አልረታችኝም። የአያቷ ታሪክና የፊታውራሪ መሸሻ ታሪክ አንድ እንዳልሆነ፣ በርስትና በጭሰኝነት መካከል ሰፊ ሜዳ እንዳለ ሽማግሌው ራሳቸው ለይተው ነግረውናል። ነገር ግን ይህን መለየት የቻልነው እርሷ በድፍረት «የእኛም ነው» ብላ ስለ ጻፈች ነው። የእኔ ቀይ ቀለም ያስተማረው ነገር አልነበረም።

ስንሰናበት ተማሪዬ እስከ መንገዱ ሸኘችንና፣ «መምህር፣ ስለ ሚችሌ የሚተርክ ልብ ወለድ በካርቶኑ ውስጥ አለ?» አለችኝ።

አልነበረም። ስለ ጌዴኦ የተጻፉ መጻሕፍት እንዳሉ አውቃለሁ። ቻርልስ ማክሌላን የተባለው የታሪክ ሰው ጌዴኦ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት የገባበትን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝኛ ጽፏል። ሮዤ ዡሶም ስለ ቱቶ ፈላ ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በ2007 በፈረንሳይኛ ጽፏል። በቀድሞ መጻሕፍት ደግሞ ሕዝቡን የምታገኘው «ደራሳ» በሚል ስም እንጂ ራሱን በሚጠራበት በጌዴኦ አይደለም። በጌዴኦኛ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ ይማሩበታል፤ አዲስ ኪዳንም ታትሞበታል። ነገር ግን አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ማታ በመብራት ተጋድማ የአያቷን ዘመን የምታነብበት መጽሐፍ ከእኔ ካርቶን ውስጥ አልተገኘም። ይህንኑ ነገርኋት።

«እንግዲያው እኔ ልጀምረዋ» አለች፤ ደብተር እንደምትገዛ ዓይነት ነገር።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጉዞ ያተረፍሁት ይህ ነው። እኛ መምህራን ተማሪ መጽሐፍ ሲያነብብ መጽሐፉ ምን አለው ብለን እንጠይቃለን፤ እርሱ መጽሐፉን ምን አለው ብለን ግን አንጠይቅም። በደብረ ማርቆስ የሚያስለቅሰው ገጽ በወናጎ የሚያስቈጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንባቢዎች አልተሳሳቱም። የመጽሐፍ ክብሩም ይህን መሸከሙ ነው። ያደግህበትን መጽሐፍ ሌላ አገር ወስደህ ሌላ ሰው ሲያነብበው ብትሰማ፣ አንተም ያላየኸውን ገጽ ታገኛለህ።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ገልጬ የጻፍሁትን ቀይ መስመር ሰረዝሁና ከሥሩ፣ «የተሳሳተው መምህሩ ነው» ብዬ ፈረምሁ። ክፍሉ ሳቀ፤ ይሳቅ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካርቶኑ ውስጥ እኔ ያላስገባሁት ደብተር አገኘሁ። በግራ ገጹ የአያቷ ቃል በጌዴኦኛ፣ በቀኙ በአማርኛ ተጽፎበታል። ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። ወዲያው አራት ሰዎች ተራ ያዙበት። እንደ ሕጉ አስተያየት ያስፈልገዋልና፣ የመጀመሪያው አስተያየት ከመጨረሻው ገጽ ላይ አስቀድሞ ሰፍሮ ነበር። ሽማግሌው ተነብቦላቸው፣ ተናግረው ያስጻፉት ነው፦

«ጥሩ ነው። ነገር ግን ያን ቀን እናቴ የተሸከመችው ቆጮ ነው እንጂ ቡና አይደለም። ይታረም።»