በሐራ መንገድ የተሰጠን ውኃ

ከደሴ እስከ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከወልድያ ወደ ሐራ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ባለፈው የግንቦት ወር ከቤተ ሰባችን ጋር በተጓዝን ጊዜ ከረጅሙ መንገድ ይልቅ አጭሩ ብዙ አስተማረን። ትምህርቱ ለእኛ ብቻ ሊቀር የሚገባው መስሎ ስላልታየን፥ ልጆችና መኪና ላሏቸው ቤተ ሰቦች ሁሉ ይጠቅም ዘንድ እነሆ ጻፍነው።

የጕዟችን ምክንያት ክርስትና ነበር። በሐራ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ሴት ልጅ ተወልዳ ሰማንያ ቀኗ በዕለተ እሑድ ይሞላ ነበርና፥ እኅታችን የክርስትና እናት ትሆን ዘንድ ተጠርታ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ በማለዳ ካደርንበት ከደሴ ተነሣን። መኪናውን የሚነዳው የወንድማችን ልጅ ነበረ።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ በመሪው ፊት ካሉት ምልክቶች አንዲቱ በራች፤ እርሷም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ መጕደሉን የምታስታውቅ ናት። የወንድማችን ልጅ ግን «የቆምነው ዳገት ላይ ስለ ሆነ ውኃው ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ነው» አለን። ነገሩም ከእውነት የራቀ አልነበረም። በውኃው ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚንሳፈፍ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ውኃው ሲጐድል አብሮ ይወርድና መብራቱን ያበራል። መኪናው ባዘነበለ ጊዜም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ከመኪናው ሥር ጥቂት አረንጓዴ ጠብታ አይተን ነበር፤ እርሱንም «የሌላ መኪና ይሆናል» ብለን አለፍነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ መብራቲቱ ጠፋች፤ እኛም ልክ ነበርን ብለን ደስ አለን። ሰው የሚወደውን ምክንያት ካገኘ ሁለተኛ አይጠይቅም።

መንገዱ ለዓይን የሚሰጠው ብዙ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ የሐይቅ ውኃ ይታያል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚያ አለ። ከሩቅ ተሳልመን አለፍን። ቀጥሎ በ1881 ዓ. ም. የውሉ ስምምነት የተፈረመባት ውጫሌ ናት። ከዚያ በኋላ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ውርጌሳን፥ ፍራፍሬ የሚሸጥባትን መርሳን፥ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባትን ስሪንቃን እያለፍን ወልድያ ደረስን። መብራቲቱ በመንገድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ሁለት ጊዜም «ኩርባው ነው» አልን።

ከወልድያ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ አገሩ ይለወጣል። ደጋው ከኋላ ይቀራል፤ ፊት ለፊት የማሽላ ማሳና ሙቀት ያለበት ሜዳ ይዘረጋል፤ መንገዱም ሐራን አልፎ ወደ አፋሩ ጭፍራ ይሄዳል። ሐራ የደጋውና የቈላው ሰው የሚገናኝባት ናት፤ ሐራ ገበያ መባሏም ይህንኑ ይናገራል። በ2007 ዓ. ም. ሥራው የተጀመረው የአዋሽና የኮምቦልቻ የባቡር ሐዲድ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዞ የሚያበቃው በዚሁ በሐራ ገበያ ነው።

እኛ ግን ሐራ ከመድረሳችን በፊት ቆምን። ቀትር ነበር። የሙቀቱ መለኪያ ከመካከል ተነሥቶ በድንገት ወደ ቀዩ መሥመር ወጣ፤ ወዲያውም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። የወንድማችን ልጅ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋና ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሮጠ። በዚያች ሰዓት ከኋላችን የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፍሬን ይዞ፥ «ተው! እጅህን አንሣ!» ብሎ ጮኸ። ልጁም ደንግጦ ተመለሰ።

ሾፌሩ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነበርና አንቱ ብለን አመሰገንናቸው። እርሳቸውም ነገሩን አስረዱን። ውኃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ እንደ ደሴ ባለ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ሙቀት ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ክዳኑ ውኃውን አፍኖ በግፊት ይይዘዋል፤ በግፊት ያለ ውኃም ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ግን ግፊቱ በአንድ አፍታ ይለቅና ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ዓይን ያቃጥላል። «ጨርቅ አያድንም፤ የሚያድነው ጊዜ ነው» አሉን። እኛም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅን።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን ቀስ አድርገው በጥቂቱ አዙረው፥ የቀረውን እንፋሎት አስተንፍሰው ከፈቱት። ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከራዲያተሩ ወደ ሞተር የሚሄደው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ፥ ማታ በደሴ ጠብታ በጠብታ፥ ቀን በመንገድ በብዙ ሲፈስ ኖሯል። ማሰሪያውን አጠበቁት። በመኪናችን የኋላ ዕቃ መጫኛ ጥቂት አንቱፍሪዝ የቀረበት አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ነበረን፤ ጨመርነው፤ አልበቃም። ለመጠጥ የያዝነውን ውኃም ጨመርን፤ እርሱም አልበቃም።

በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ከሴት ልጇ ጋር ውኃ ተሸክማ በመንገዱ ዳር መጣች። በጀርባዋ ያለው 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ነው፤ ልጅቱም ዐሥር ዓመት የሚሆናት፥ አነስ ያለ ተሸክማለች። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ችግራችንን ሳንነግራት አየችው። ሸክሟንም አውርዳ «አብሽሩ፤ ውኃው ከሰው አይበልጥም» አለች። ወሎ የኖረ ሰው የዚህን ቃል ጣዕም ያውቀዋል። እናቲቱ ሙስሊም ናት፤ እኛ ወደ ክርስትና የምንሄድ ነን፤ እርሷ ግን ማን እንደ ሆንን አልጠየቀችም። ከየት እንደ ቀዳች ብንጠይቃት በእጇ ወደ ቈላው አመለከተችን፤ እጇ ባመለከተበት ዓይናችን እስኪደርስ ድረስ ቤትም ዛፍም አይታይም ነበር። ከጀሪካኗ እኩሌታው ወደ መኪናችን ገባ። ገንዘብ ብንሰጣት «ውኃ አይሸጥም» ብላ እንቢ አለች።

የደሴዋ መብራት ትዝ ያለችን ያን ጊዜ ነው። እኛ ጎንበስ ብለን ማየት በሰነፍንበት፥ ይህች እናት በቀትር ፀሐይ ጀርባዋን አጐበጠች። የስንፍናችንን ዋጋ የከፈለች እርሷ ናት።

የሚብሰው ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ልጅቱ ባዶ የሆነውን የአንቱፍሪዝ ጀሪካን አይታ፥ በኀፍረት ወደ እናቷ ተጠግታ «እሱን ይስጡኝ» አለች። እኛም ውለታ መመለሻ አገኘን ብለን ደስ እያለን ዘረጋንላት። ልጅቱ እጇን ሳታደርስ ሾፌሩ መካከል ገብተው ጀሪካኑን ከእጃችን ወሰዱ። «በዚህ ውኃ ልትቀዳበት ነው እኮ! ይህ መርዝ ነው» አሉ።

እውነትም ነው። በአብዛኛው አንቱፍሪዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ነገር ጣዕሙ ጣፋጭ፥ ሥራው ግን ገዳይ ነው። የጠጣው ሰው በመጀመሪያ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፤ ኋላ ኵላሊቱን ያጠፋዋል። ለሕፃን ጥቂቱ ይበቃል፤ ፍየልና ውሻም ጣፋጭነቱ እያታለላቸው ከፈሰሰበት ይልሱትና ይሞታሉ። የእኛ ምስጋና ያችን ልጅና ታናናሾቿን ሊጐዳ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሾፌሩ ጀሪካኑን በቢላዋ ቀደው ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል አድርገው ከዕቃችን ጋር መለሱልን። እኛም ለልጅቱ፥ ሰኞ በዚሁ መንገድ ስንመለስ አዲስ እንደምናመጣላት ነገርናት። እናቷ ሣቀች፤ መንገደኛ የሚሰጠውን ተስፋ ብዙ ጊዜ ሰምታ ኖሯል።

ሐራ በደኅና ደረስን። በማግሥቱ ካህኑ የክርስትናውን ውኃ ሲባርክ፥ ሕፃኗም በእኅታችን ክንድ ላይ ስታለቅስ፥ ልባችን በመንገድ ዳር ወደ ቀረችው ሌላይቱ ልጅ ሄደ። ጌታችን በወንጌል አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የሰጠ ሰው ዋጋው እንደማይጠፋበት አስተምሮናል፤ ተቀባዩ ስለሚኖርበት ዕዳ ግን እኛ አስበን አናውቅም ነበር። ሰኞ ጧት ከገበያው ሁለት አዲስ ጀሪካን ገዛን፤ አንዱ ትልቅ፥ አንዱ ለልጅ ጀርባ የሚሆን። በዚያው ዛፍ ሥር ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። እናትና ልጅ በመጡ ጊዜ ልጅቱ ታናሹን ጀሪካን ወሰደችና ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ ከዚያም ወደ እኛ ቀና ብላ «ይህስ ደኅና ነው?» አለችን። «ደኅና ነው» አልናት።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ መኪና ያላችሁ ሁሉ ጧት ሞተሩ ሳይሞቅ የውኃውን መጠን እዩ፤ በማጠራቀሚያው ላይ በተጻፉት በዝቅተኛውና በከፍተኛው መሥመር መካከል ይሁን። መብራቲቱ ከበራች ምክንያት ሳትፈልጉላት ቁሙና ከመኪናው ሥር ተመልከቱ። መለኪያውን ብቻ አትመኑ፤ ውኃው ፈጽሞ ሲያልቅ መለኪያው ሊያታልል ይችላልና። ሙቀቱ መጨመር ከጀመረ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ማሞቂያውን ክፈቱ፤ የሞተሩን ሙቀት በጥቂቱ ይቀንስላችኋል፤ ከዚያም መቆሚያ ፈልጋችሁ ሞተሩን አጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በችግር ጊዜ ንጹሕ ውኃ ያሻግራል፤ ጋራዥ ስትደርሱ ግን ቱቦውን አሳዩ፥ ተገቢውንም ማቀዝቀዣ አስሞሉ። አንቱፍሪዝን ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩ፤ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ አትገልብጡት፤ ባዶ ዕቃውንም ለማንም አትስጡ። የጠጣ ሰው ካለ ሕመሙ እስኪታይ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ከቤት ስትወጡም ለመኪናው የሚበቃ ንጹሕ ውኃ ያዙ። ያልያዛችሁትን ውኃ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ያመጣላችኋል።