ወደ ሳነቴ ለምትወጣው ልጄ

ሮቤ፣ መስከረም

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

  

ከአዲስ አበባ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። የአስጎብኚነት ሥራሽን ልትጀምሪ ነውና የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ስኮፕ ለመግዛት አስበሽ፣ የፊት ሌንሱ 65 ሚሊሜትር ይሁን ወይስ 85 ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጉልበቴን በባሌ ፓርክ ስካውትነት ጨርሻለሁና በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

85ቱ ከ65ቱ 70 በመቶ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ጋይሳይ ሜዳ ላይ ጎሕ ሲቀድ ወይም ሊመሽ ሲል፣ የደጋ አጋዘኑን ቀንድ ከቅርንጫፍ ለመለየት ትልቁ ሌንስ በእርግጥ ይረዳል። ጋይሳይ ግን መኪና መንገድ ዳር ነው፤ ሸክም አያስጨንቅም።

ያንቺ ሥራ የሚበዛው ሳነቴ ላይ ነው። እዚያ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፍልፈሉ ቀን ስለሚወጣ ቀይ ቀበሮም የሚያድነው በቀን ነው። በዚያ ፀሐይ የዓይን ብሌን ወደ 2 ሚሊሜትር ይጠብባል። በ65ቱ 30 እጥፍ ስታቀርቢ የሚወጣው የብርሃን ክብ፣ 65 ለ30 ሲካፈል፣ ከ2 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ዓይንሽ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ብርሃን አፈ ጠባብ ቅል ላይ በእንስራ እንደ ማፍሰስ ነው፤ ትርፉ ውጭ ይቀራል። «60 እጥፍ ያቀርባል» ቢሉሽም አትጓጊ። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፤ ያን ጊዜ አብዝቶ ማቅረብ ርግብግቢቱን ማግነን ብቻ ነው። ከ25 እስከ 30 እጥፍ ይበቃሻል።

ክብደቱን በተመለከተ ልቤን ያሳዘነውን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ እንግዶች ይዤ ዌብ ሸለቆ ስወርድ፣ ትልቁን ስኮፕ ከነመቆሚያው መሸከም ከብዶኝ ፈረስ ላይ ጫንኩት። ፈረሱ ከባለቤቱ ጋር ወደ ማደሪያችን ቀደመ። እኛ በእግር ስንከተል ከሩቅ፣ ከጉድጓድ አፍ፣ የቀበሮ ግልገሎች ብቅ አሉ። ስኮፑ በእጄ የለም። ከእንግዶቹ አንዱ ለማየት ብሎ ተጠጋ፤ እኔም መከልከል ሲገባኝ ዝም አልኩ። እናቲቱ ግልገሎቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ እንዳዛወረች በማግሥቱ አንድ እረኛ ነገረኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት እኛው ባሌ ነው። ስኮፕ የሚያስፈልግሽ ሳትጠጊ ለማሳየት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከትከሻሽ የማይወርደው ደግሞ ትንሹ ነው።

ትንሹን ገዝተሽ በሚተርፍሽ ገንዘብ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ግዢ። የሳነቴን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ መቆሚያውን ዝቅ አድርገሽ፣ ከሥሩ ድንጋይ የሞላ ከረጢት አንጠልጥዪበት። ዓይን የሚጠጋበት ጫፉ ያዘነበለ ይሁን፤ ረጅሙም አጭሩም እንግዳ መቆሚያውን ሳትነካኪ ጎንበስ ብሎ ያያል። ውሃ የማያስገባ መሆኑንም ጠይቂ።

እንግዲህ 65ቱን ግዢ። ቀበሮዎቹ ከጥቅምት ጀምሮ መውለዳቸው ነውና፣ ወደ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ሮቤ እኛ ዘንድ እደሪ፤ ጉድጓዶቹ የት የት እንዳሉ፣ በየት ዞረሽ ከየትኛው ጉብታ ላይ እንደምትቆሚ አሳይሻለሁ።

አባትሽ