ጎመን የማይወደው ጎበዜ

ደብረ ማርቆስ ላይ በቀቀን ማሳደግ ብዙውን ጥያቄ ራስ ጠይቆ ራስ መመለስ ነው። የእንስሳት ሐኪም አለን፤ ቀኑን የሚውለው ግን ከበሬ፣ ከበግና ከበቅሎ ጋር ነው። የኛን ጎበዜ ሲያይ ሳቀና አዲስ አበባ ላለ ባልደረባው ደወለልን።

ጎበዜ ግራጫ በቀቀን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ውጭ የሄደ ዘመዳችን ለአባዬ ሰጥቷቸው ሲመጣ ከሱፍ አበባ ፍሬ ሌላ የማያውቅ ወፍ ነበር። ካሮት ስናስቀምጥለት ይወረውራል፤ ጎመን ሲያይ ጀርባውን ይሰጣል። ዓምና ላባው ፈዘዘ፤ ማስነጠስም ጀመረ።

ነገሩ ለቤታችን ቀላል አልነበረም። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጎበዜ ግን ዛሬም በእሷ ድምፅ «ኑ እንጂ፣ ቡናው ቀዘቀዘኮ!» ይላል። አባዬ ይህንን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ወፉን ማጣት ለእኛ ድምጿን ዳግመኛ ማጣት ነው።

የአዲስ አበባው ሐኪም በስልክ እንዳስረዳን፣ የሱፍ ፍሬ ቅባቱ ብዙ፣ ቫይታሚን ኤው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል የበቀቀን አፍንጫና መተንፈሻ በቀላሉ ይታመማል። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ይህንን ይሞላሉ። የማይበላውን ወፍ እንዴት እናብላው? በዳቦ ደብቀን!

አሠራሩ ይኸው፦ አንድ ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለና የተፈጨ ዱባ፣ አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ አንድ እፍኝ በደቃቁ የተከተፈ ጎመንና አንድ እንቁላል። ጨው፣ ስኳርና ቅቤ አይገባም። በትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ በ180 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መጋገር ነው። ሲቀዘቅዝ ቆራርጣችሁ የተረፈውን በረዶ ቤት አስቀምጡት። በጎጆው ውስጥ የተረፈ ቁራሽ ግን ሳይበላሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነሣ።

መጀመሪያ ላይ ዳቦውን በሱፍ ፍሬ ሸፈንነው። ጎበዜ ፍሬውን ለቅሞ ዳቦውን ጣለው። በየሳምንቱ ፍሬውን እየቀነስን ዱቄቱ ውስጥ እየደባለቅነው ሄድን። በቀቀን በመንጋ የሚኖር ወፍ ስለሆነ ሌላው ሲበላ ያየውን መቅመስ ይወዳል። ስለዚህ አባዬ ፊቱ ተቀምጠው «ወይ ሲጣፍጥ!» እያሉ ይበሉለት ጀመር። ረቡዕና ዓርብ ግን እንቁላሉ ችግር ሆነ። የጾሙን ቀን ዳቦ ያለ እንቁላል፣ ዱባውን ጨመር አድርጌ ጋገርኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በሦስተኛው ወር ጎበዜ ጎመን ያለበትን ቁራሽ በእግሩ ይዞ ጨረሰው።

ወፍ ያላችሁ እነዚህን አትርሱ፦ አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይጎዱታል። የማያጣብቅ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል፤ ጎጆውን ከወጥ ቤት አርቁ። በቀቀን አማረኝ ብላችሁም ከዱር የተያዘ አትግዙ። ቢጫ ግንባሩ የኛው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ ቦታው ዛፍ ላይ ነው።

አሁን ማስነጠሱ ቆሟል፤ ላባውም እያማረ ነው። አባዬ ዳቦው ጨው እንደሚያንሰው ሳይናገሩ አይውሉም። አንድ ቀን ግን ድንገት «ይሄ ወፍ አርባ ዓመት ይኖራል ይላሉ፤ ከእኔ በኋላ ማን ይጋግርለታል?» አሉኝ። በዚያው ሳምንት የአሥር ዓመት ልጄን ካሮት መፈቅፈቅ አስተማርኳት።