ዲላ፣ ከእንሰቱ ሥር የሰማሁት ጊታር

ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለወጣት የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለእኔ ጉልበት ግን ሁለት ቀን ስለሆነ ሐዋሳ አድሬ በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ተነሣሁ። አፖስቶንና ጩኮን አልፈን ዲላ ስንቃረብ መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ሆነ። ከላይ ትልልቅ የጥላ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ በቡናው መሐል እንሰት። ዩኔስኮ ይህን የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ እኔ ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሻለሁ። ለምን አላለቅስ! በ1970ዎቹ፣ አገሩ ገና ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ጌዴኦ አውራጃ ሲባል፣ አዲስ ተመራቂ ነርስ ሆኜ የተመደብኩት እዚያ ነው። የክትባት ዕቃ በበቅሎ አስጭነን ወደ ቡሌ ደጋ የወጣንበትን ዳገት እግሬ እስካሁን አልረሳውም።

ያሁኑ ጉዞዬ ግን ለትዝታ አልነበረም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነ የልጅ ልጅ አለኝ። አባቱ፣ የበኩር ልጄ፣ ደወለና «እማዬ፣ ልጁ ጊታር ገዝቶ ትምህርቱን ረስቷል። እኔን አልሰማ አለ፤ አንቺን ይሰማሻል፤ ሄደሽ ጊታሩን ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ሆዴን በላኝ።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለ ከሰው የተዋሰው ጊታር ነበረው። ማትሪክ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት እንደሄደ፣ ጊታሩን አንሥቼ ለባለቤቱ መለስኩት። ሲመለስ አልጮኸም፤ አላለቀሰም። አልጋው ላይ ተቀምጦ የግራ እጁን ጣቶች ሲያሻሽ አየሁት። ማትሪኩን አለፈ፤ ዛሬ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ጊታር የሚባል ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

የልጅ ልጄ መናኸሪያ ተቀበለኝ። ኅዳር ስለነበር የቡና ለቀማ ነው፤ እሸት ቡና የጫኑ መኪኖች ከወናጎና ከይርጋጨፌ በኩል ይመጣሉ፤ ከመፈልፈያዎቹ የሚወጣው ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ ያው የድሮው ነው። «ጊታሩ የታለ?» አልኩት፣ ገና ሰላምታችን ሳያልቅ። ዶርም ውስጥ ሌሎቹን ስለሚረብሽ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የሚያውቃቸው ሰዎች ግቢ ያስቀምጠዋል። ወሰደኝ።

የግቢው እናት ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው ይፍቃሉ። በዕድሜ እኩያዬ ይሆናሉ። አማርኛቸው ትንሽ፣ የእኔ ጌዴኡፋ ደግሞ ዝጎ የቀረ ቢሆንም፣ ተሳሳቅንና ተግባባን። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ከተፋቀ በኋላም ጉድጓድ ተቀብሮ ካልተብላላ ቆጮ አይሆንም። እጃቸው ግንዱ ላይ ሲወርድ ምቱ አይዛነፍም።

ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ለእንግዳ የሚዘፈን ነገር የሚያሰማኝ መስሎኝ ነበር። የለም። የትዝታን አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ደጋገማት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ይቆማል፤ ከፊቱ ካሉት ሁለት ድምፆች ይነሣል፤ እንደገና። የልብ ምት እቆጥርበት በነበረው ሰዓት አየሁ፤ አርባ ደቂቃ አንዲት ሐረግ! ሴትዮዋም አልታከቱም፤ እሱም አልታከተም። የታከትኩት እኔ ነኝ።

«ትዝታ እኮ አምስት ድምፅ ብቻ ነው እማማ፤ ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም አምስት አምስት ናቸው። አምስቱን ማግኘት ቀላል ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚኬድበት ነው ልክ እንደ ክራሩ አልሆን ያለኝ» አለኝ።

እጁን ተቀብዬ አየሁት፤ የነርስ ልማድ ነው። የአራቱ ጣቶች ጫፍ ጠንክሯል። ልጆቻችሁ ጊታር ከጀመሩ ይህን እወቁልኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ ሕመም ያለ ነው፤ ቆዳው ሲጠነክር ይተዋል። የናይለን ክር ከብረቱ ይለሰልሳል። የእጅ አንጓ የሚያም፣ ጣት የሚደነዝዝ ወይም የሚወር ከሆነ ግን ጅማትና ነርቭ እየተቆጣ ነውና ማቆምና ማሳረፍ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ከመቀጥቀጥ ሃያ ሃያ ደቂቃ እያረፉ መሥራት ይሻላል። እኛስ መርፌ መውጋት የተማርነው እንዴት ነው? ብርቱካን ስንወጋ ከርመን አይደል! የመጀመሪያውን የሕፃን ደም ሥር ስፈልግ የእናቲቱ ዓይን ያየኝ አስተያየት ዛሬም አለ።

ከባዱ ኮርድ የቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ኤፍ» አለ ሳያመነታ። ሌባ ጣት ብቻውን ስድስቱንም ክር ይጫናል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከሱ በላይ ይሠራሉ። ብዙ ጀማሪ ጊታሩን ሰቅሎ የሚተወው እዚያ ጋ ነው። ሁለት ወር ፈጅቶበታል።

ሳንጠጣ የቀረ ቡና አልነበረምና ሦስተኛው ላይ ወደ ቁም ነገሩ ገባሁ። አንድ ትምህርት ወድቋል፤ አልደበቀኝም። ከዚያ ደግሞ ስለ ሰላም ሥዩም ይነግረኝ ጀመር፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተው፣ ማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» ላይ ያጀበው ባንድ ሰው። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሯል እኮ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም የሠራው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ላይ ነው» አለኝ። ተንኮሉ ገብቶኛል፤ ሣቄን ግን መያዝ አልቻልኩም። «እንግዲያው የወደቅኸውን አንሣና እንደሱ ሁን» አልኩት።

ተስማማን። በቀን አንድ ሰዓት፤ የፈተና ሰሞን ጊታሩ ከሴትዮዋ ዘንድ ይቆለፋል። እሳቸውም ሲነገራቸው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ እንደሚያስሩት በእጃቸው አሳዩን።

ማታ ለልጄ ደወልኩ። ጊታሩን ይዤ እንደማልመጣ ነገርኩት። ዝም አለ። ቀጥዬም ያኔ ያደረግሁት ልክ እንዳልነበረ፣ ቢያንስ ሳልነግረው ማድረጌ ልክ እንዳልነበረ፣ እንደምንም ብዬ ተናገርኩ። አሁንም ዝም። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እማዬ» አለ በስተመጨረሻ፣ «ኤፍን ይይዛል?»