ተከታይና ደንበኛ

በዘመናችን ንግድ የሚጀምር ሰው፥ የሱቁን በር ከመክፈቱ አስቀድሞ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ገጽ ይከፍታል። «ስንት ተከታይ አለህ?» የሚለውም ጥያቄ «ገበያ እንዴት ነው?» የሚለውን ሰላምታ ሊተካው ምንም አልቀረው። እኔም የእናቴን የባልትና ቤት ገጽ ሦስት ዓመት ሙሉ ስጽፍ የቆየሁ ስለሆንሁ፥ በዚህ ነገር ያየሁትን ለትምህርት ጓደኞቼና ለወላጆች ባካፍል ደስ ይለኛል።

እናቴ በርበሬ፥ ሽሮና በሶ እያዘጋጀች ትሸጣለች። ቤታችን የሚተዳደረው፥ የእኔና የታናሽ እኅቴም የትምህርት ወጪ የሚሸፈነው ከዚሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሱቁ ኪራይ በጨመረ ጊዜ፥ በሰፈር ገበያተኛ ብቻ መኖር እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። ስለዚህም በመስከረም 2015 ዓ.ም. የቴሌግራም ቻናል ከፈትንላት። እርስዋ ግን በመጀመሪያ አልወደደችውም። «የማላውቀው ሰው ጓዳዬን ምን ብሎ ያያል?» ትል ነበር።

የአክስቴ ልጅ በእንዲህ ያለው ነገር ዐዋቂ ነኝ ባይ ነው። «አክስቴ፥ ጥቂት ብር ከተከፈለ አምስት ሺህ ተከታይ በአንድ ሌሊት ይገባልሻል» አላት። እናቴም «ሰዎቹ እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። እርሱ ሳቅ ብሎ «ሰዎች እንኳ አይደሉም፥ ቍጥር ነው» ሲላት፥ «ታዲያ ቍጥር በርበሬ ይበላል?» ብላ ነገሩን በዚያው ዘጋችው።

እናቴ ይህን ስትል የቴሌግራምን አሠራር አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን ልክ ነበረች። በቻናሉ ከያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤ ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደታየ ትናገራለች። ብዙ ሺህ አባል አለኝ የሚል ነጋዴ፥ ከዚያች ዓይን አጠገብ መቶ የማይሞላ ቍጥር ተጽፎበት ደጋግሜ አይቻለሁ። የቲክቶክ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥራህን አንሥቶ ጨርሶ ለማያውቅህ ሰው ያሳያል። እናቴ ዛላ በርበሬ ስትቀነጥስ የቀረጽኋትን አጭር ቪዲዮ በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው አየው። በዚያ ሳምንት የተሸጠው በርበሬ ግን እንደ ወትሮው ነበር። የነጠላዋን ጥለት ያደነቁ ብዙዎች ሲሆኑ፥ የበርበሬውን ዋጋ የጠየቁት አራት ብቻ ናቸው።

ሰውን ያቀረበልን ምንድን ነው ብትሉኝ፥ ሥራውን ከመነሻው ማሳየታችን ነው። ዛላው በመጣበት ቀን ገና ሳይነካ እናሳያለን። ከዚያ መቀንጠሱ፥ ተደቁሶ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር መለወሱ፥ ተመልሶ በፀሐይ መሰጣቱ፥ ኮረሪማና አዝሙድ ታምሶ መጨመሩ፥ በመጨረሻም ወደ ወፍጮ ቤት መሄዱ ይከተላል። ይህ ሁሉ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ተመልካቹም «ደረቀ ወይ? መቼ ይፈጫል?» እያለ አብሮን ይሰነብታል። ለያንዳንዱ ጥያቄ በዚያው ምሽት መልስ እሰጣለሁ፤ ከጥናት በኋላ መሆኑን አስተማሪዎቼ ይወቁልኝ።

አንድ ጊዜ በአሜሪካ የምትኖር ደንበኛ፥ በዘመድ እጅ የተላከላት በርበሬ ጠቆረብኝ ብላ በሰው ሁሉ ፊት ጻፈች። የአክስቴ ልጅ ወቀሳው ይጥፋ አለ። እናቴ ግን «ቅመሙ ሲታመስ እሳት በዝቶበታል፤ ብርሽን እመልሳለሁ ብለህ ጻፍ» አለችኝ፤ እንዳለችውም ጻፍሁ። ሴትዮዋ ብሯን ተቀበለች፤ ከዚያም በኋላ ከእኛ አልገዛችም። መልሱን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ግን በማግሥቱ ሱቃችን ድረስ መጡ።

ከሁሉ የከበደን የ2015 ዓ.ም. የካቲት ነው። ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ ቴሌግራም፥ ፌስቡክ፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገደቡ፤ እገዳውም እስከ ሐምሌ ቆየ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ዐሥራ አንድ ቀን ነበር የቀረው። እናቴ ለጾሙ ብላ በብድር ሃምሳ ኪሎ ምጥን ሽሮ አስፈጭታ ነበር። ቪፒኤን የሚባለውን መተላለፊያ እየጫኑ የመጡ ነበሩ፤ ደንበኞቻችን ግን አብዛኞቹ እናቶች ስለሆኑ እነዚህ ጥቂት ነበሩ። ያን ጊዜ የቻናሉ አባላት አራት መቶ ያህል ሲሆኑ፥ አንዳቸውንም ከስልኬ ላይ ላገኛቸው አልቻልሁም።

እናቴ ግን የገዛውን ሰው ሁሉ ስምና ስልክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ደብተር ታጽፈኝ ነበር። ከስሙም አጠገብ «ቃጠሎ አይወድም»፥ «ለልጇ ሠርግ»፥ «ጨው ቀንሱ» የሚል ይጻፋል። በደብተሩ ውስጥ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ስም ነበር። ሁለት ምሽት ሙሉ ተራ በተራ ደወልን። እናቴ ትናገራለች፤ እኔ የሚታዘዘውን እጽፋለሁ። አንዳንዶቹ ስለ ሽሮው ከመስማታቸው በፊት ስለ ጤናዋ ጠየቁ፥ እርስዋም ስለ ልጆቻቸው ጠየቀች፤ የስልኩ ሂሳብ አሳስቦኝ ነበር። ብሩ በቴሌብር እየገባ ሽሮው በሞተር ሳይክል ይላካል። ጾሙ ሳይጋመስ ሃምሳው ኪሎ አለቀ፤ ብድሩም ተከፈለ።

ዛሬ የቻናሉ አባላት ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው፤ ደብተሩም አራተኛው ላይ ደርሷል። በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተናዬን እንደጨረስሁ ሁለቱንም ለታናሽ እኅቴ አስረክባለሁ። የእጅ ጽሕፈቷ ከእኔ ይበልጣል፤ ሲደወልላት ግን ስልክ የማንሣት ልማድ የላትም። እናቴም ስለዚህ ጉዳይ ከወዲሁ እየመከረቻት ነው።