ልጅዎ «ተዋናይት እሆናለሁ» ብትልዎ

ልጅዎ አንድ ቀን እራት ላይ «ተዋናይት መሆን እፈልጋለሁ» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል? እኔ «መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ» ብዬ ወሬውን ዘጋሁት። ልጄም ሳህኗን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ፒያሳ ጉዳይ ነበረኝ። በሀገር ፍቅር ቴአትር በኩል ሳልፍ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ትዝ አለችኝ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ለዓመታት በመድረኩ ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ችሎታ ያላት ሴት ጠፍታ አይደለም። መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስሟ በክፉ ይነሳ ስለነበር ነው። አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ ያንን ሐሜት ንቃ ወጣች፤ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት ተብላም ትጠቀሳለች። በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሠርታለች። ክራሯን እየመታች ያዜመቻቸው ዘፈኖችም «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጽ ለዓለም ተዳርሰዋል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።

የኔ መልስ ያን ጊዜ ወላጆች ለሴት ልጆቻቸው ከሚሰጡት መልስ ምን ያህል ይለያል? በትሕትና ተነገረ እንጂ ክልከላው ያው ነበር።

ማታ ለልጄ የአስናቀችን ክራር ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ዲግሪውን አልተውኩትም፤ «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል ግን አንስቼ «ዲግሪሽንም ያዢ» አልኳት። እርስዎም ከመመለስዎ በፊት፣ ልጅዎ የትኛውን ቴአትር ማየት እንደምትፈልግ ይጠይቋት።