ሬካን አዞ የበላት ዕለት

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ላይ ፊልም ማየት ማለት ቪዲዮ ቤት መግባት ነበር። በታችኛው ሰፈር በሲቀላም በላይኛው በሸቻም ነበሩ፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ የተንጠለጠለ አሮጌ ብርድ ልብስ። ውስጥ የአጣና አግዳሚ ተደርድሯል፤ ፊት ለፊት ከፍ ተደርጎ ቴሌቪዥንና ዴክ ተቀምጧል። የዕለቱ ፊልም በካርቶን ተጽፎ ደጅ ይሰቀላል። የውጭ አገሩን ርዕስ ጽፎ ከመሳሳት ብለው በተዋናዩ ስም ይጠሩታል፦ «ዛሬ ሬካ»፣ «ዛሬ አሚታብ»፣ «ዛሬ ሲንቲያ»። በዚያ የቆላ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ያ ሁሉ ሰው ሲታጨቅ ምን እንደሚሸት ያልገባበት አያውቀውም። መብራት ቢጠፋ እንኳ የሚወጣ የለም፤ የወጣ ሰው ገንዘቡ ተበላ ማለት ነውና።

ያ ሁሉ ሰው ወንድ ነበር። ሴት አትግባ የሚል ማስታወቂያ የለም፤ ነገር ግን ከቪዲዮ ቤት ስትወጣ የታየች ልጅ ሳይመሽ ስሟ ሰፈሩን ያዳርሳል። እኛ ሴት ምን ታስባለች፣ ስትናደድ ምን ታደርጋለች የሚለውን ከሬካና ከሄማ ማሊኒ ስንማር እህቶቻችን ውኃ ሊቀዱ ሄደው ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው «ኩን ባሪ ማንግ» ነው፤ ራኬሽ ሮሻን ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ። ሬካ ፊቷ ላይ ምልክት ያለባት፣ አንገቷን የደፋች ባለጸጋ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ለሀብቷ ብሎ ያገባት ሁለተኛው ባሏ ከጀልባ ገፍትሮ ለአዞ ይሰጣታል። ለሌላ ከተማ ሰው አዞ የፊልም አውሬ ነው። ከእኛ ከተማ ሥር ግን አባያና ጫሞ ተኝተዋል፤ አዞ ገበያ የሚባል ቦታ አለን፤ መረብ ሊጥል ወርዶ ያልተመለሰ ሰው ለቅሶ የደረሰ ተመልካች በየአግዳሚው አለ። ሬካ ውኃ ውስጥ ስትወድቅ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወዲያው ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ልጆች ትችት ጀመሩ፦ አዞ እንዲህ አይነክስም፣ መጀመሪያ በጅራቱ ነው የሚመታው፣ ይሄ ላስቲክ ነው።

ሴትዮዋ አትሞትም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከወንዝ ዳር አግኝቶ ያተርፋታል፤ የተቦጫጨቀ ፊቷን በቀዶ ጥገና ታሠራና ዝነኛ ሞዴል ሆና ትመለሳለች። መጨረሻ ላይ ባልየው በተራው የአዞ ሲሳይ ሲሆን ጭብጨባው ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ማታ ታሪኩን ለታላቅ እህቴና ለጓደኞቿ የምተርከው እኔ ነበርኩ። ጓሮ ተቀምጠው ለኩርኩፋ ምግብ የሚሆን የሀሌኮ ቅጠል እየሸመጠጡ ይሰሙኛል። እኔ ቶሎ ወደ በቀሉ መድረስ እፈልጋለሁ፤ እነሱ ግን እየመለሱ ያቆሙኛል። «ልጆቹን እስከዚያ ማን አበላቸው?» «ሐኪሙን በምን ከፈለችው?» የአልማዝ ጉትቻዋን ሸጣ እንደሆነ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ተያዩ። «ጉትቻውን አዞው አልበላውም?» አለች አንዷ። አልበላውም አልኩ። «በይ እንግዲህ፣ ወርቅሽን ከጆሮሽ አታውልቂ» ተባባሉና ሳቁ። እኔ ቡጢ የቆጠርኩበት ፊልም ለእነሱ የገንዘብና የልጅ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ሳስበው ፊልሙን በደንብ ያዩት ሳይገቡ የቀሩት ናቸው።

«ማዘር ኢንዲያ» የመጣ ቀን ደግሞ የቤቱ ጠባይ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. የ1957 ፊልም ነው፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሣ ቀለሙ ሄዷል። ናርጊስ፣ ባሏ እጆቹን አጥቶ ጥሏት ስለሄደ፣ ማረሻውን ራሷ ትጎትታለች። ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አገር ያንን አይቶ «ወይ ጉድ» የማይል የለም። መጨረሻ ላይ ታናሹ ልጇ የአራጣ አበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሲያመልጥ እናቲቱ በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድለዋለች። እዚህ ላይ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ጠለፋ የሕንድ ታሪክ ብቻ አይደለማ። በሰሜንም በደቡብም የሚታወቅ ነገር ነው፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው ልጅቱን በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ያ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ እኛ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የናርጊስን ፍርድ ስናይ ውጭ ያለው ሕግ ከልጇ ጋር ነበር።

በእነዚያ ፊልሞች ሴት ወይ እናት ሆና ትሠዋለች፣ ወይ ተበድላ ትበቀላለች። «ሾሌይ» ውስጥ ለፍላፊዋ ጋሪ ነጂ ባሳንቲ በሥራዋ የምታድር ሴት ነበረች፤ እሷንም መጨረሻ ላይ በተሰባበረ ጠርሙስ ላይ በባዶ እግሯ አስጨፈሯት። ሲንቲያ ሮትሮክ ወንድ በካልቾ ስትጥልማ ሴት መሆኗን ረስተን ነው የምናጨበጭበው።

የአገራችን ፊልም ያኔ ሩቅ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው፤ ስሟ ከፊት ቢቀድምም ርዕሱ የሚጠይቀው ስለ አንድ ወንድ ነው። ከዚያ ወደ ሃምሳ ዓመት ግድም ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ሲወጣ ልጅቱ እንደገና ሂሩት ተባለች። ይህችኛዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች፣ የጠላፊዋን ጠመንጃ አንሥታ እሱኑ የገደለች ናት። መነሻው እኛ ሬካን በምናይበት ዘመን አርሲ ውስጥ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላክላለች ብሎ ነጻ አወጣት። ፊልሙን ሳይ ናርጊስ ትዝ አለችኝ። ናርጊስ የተኮሰችው ለመንደሯ ክብር ነው፤ ሂሩት ግን ወደ ቤቷ ለመሄድ።

በሁለቱ ሂሩቶች መካከል የቪሲዲው ዘመን አለ፤ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በሩን ከከፈተ በኋላ የፍቅር ኮሜዲው ጎረፈ። ከውጭ የመጣች ቆንጆ፣ የሀብታም ልጅ፣ ሠራተኛ መስላ የገባች። ብዙዎቹን አይቻቸዋለሁ፤ አንዷም በአእምሮዬ አልቀረችም። ሴቶች ራሳቸው ሲያዘጋጁ ነው ነገሩ የተለየው፦ ቅድስት ይልማ በ«ረቡኒ»፣ ሔርሞን ኃይላይ ስለ ታክሲ ሹፌርና ስለ ሴተኛ አዳሪዋ በሠራችው፣ አምለሰት ሙጬ የመርካቶዋን ሯጭ ልጅ ባሳየችበት «ምን አለሽ»።

ቪዲዮ ቤቶቹን ማንም አልዘጋቸውም። መጀመሪያ ዲሽ፣ ቀጥሎ በየቤቱ የገባው ማጫወቻ ተመልካቻቸውን ወሰደባቸው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርኩን «ጥቁር ፍቅር» በአማርኛ ሲያመጣው ሪሞቱ በእናቶችና በእህቶች እጅ ሆነ፤ ማታ ኳስ ለማየት የምንለምነው እኛ ሆንን።

አሁን ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። በቅርቡ አንድ ቡድን ከአባያ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሲቀርጽ ቆሜ አየሁ። ተዋናይዋ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሐይቁን ታያለች፤ ያገሬ ሴቶች የሙዝ ሸክማቸውን ተሸክመው ከኋላዋ እንዲያልፉ ተነግሯቸዋል። ቀረጻው ስላላማረ እየመለሱ አሳለፏቸው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ጠና ያለችው፣ ሸክሟን አውርዳ አዘጋጁን ጠራችው።

«የኔ ልጅ፣ ይቺ ልጅ ምን ሠርታ ነው የምትበላው?»

አዘጋጁ የያዘውን ወረቀት አየ።

«ትወደዋለች፣ እማማ» አላት።